ባሕሩን በቀኝ ይዛችሁ ዙሩ

ባለፈው እትም ለአንድ አንባቢ ስመልስ፣ ዌልስ ውስጥ ላንዲድኖ የምትባል የድሮ የባሕር ዳር መዝናኛ ከተማ አለች፣ ከብሪታንያ የባሕር ዳሮች አንዱን ምረጥ ብባል እሷን ነው የምመርጠው ብዬ ነበር። ግን በአውቶቡስ ደርሶ ቺፕስ በልቶ መመለስ ሳይሆን፣ ከጎኗ ያለውን ተራራ በእግር መዞር ነው ብዬ ጨመርኩና አለፍኩ። ያቺ አንድ መስመር ብዙ ደብዳቤ አመጣች። ደስ ብሎኛል። የዛሬው ገጽ በሙሉ ለዚያ መንገድ ይሁን።

ጥያቄ፦ «ማንችስተር ነው የምኖረው። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የማርፈው። መኪና የለኝም። ብቻዬን ብሄድ ይከብደኛል? መንገዱስ ከየት ተነስቶ የት ነው የሚያልቀው?»

መልስ፦ አይከብድሽም እህቴ። እንዲያውም ብቻውን ለሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ ዙሪያ ስለሆነ አትጠፊም፣ ባሕሩን በቀኝሽ እስከያዝሽ ድረስ መመለሻሽን ማሰብ አያስፈልግሽም።

ከማንችስተር ቀጥታ የሚሄድ ባቡር አለ፤ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ቀጥታው ካመለጠሽ ላንዲድኖ ጃንክሽን ወርደሽ ትንሿን ባቡር ትቀይሪያለሽ፤ ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ጠዋት በጊዜ ውጪ። ጣቢያው መሀል ከተማ ስለሆነ ባሕሩ ጋ ለመድረስ ታክሲ አያስፈልግም።

ባሕሩ ጋ ስትደርሺ ወዲያው መንገድ አትጀምሪ። ቆም በይና እይው። ባሕሩ እንደ ግማሽ ጨረቃ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ዳርቻው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሁለቱ ጫፍ ሁለት ተራራ ቆሟል፤ በቀኝ ትንሹ ኦርም፣ በግራ ትልቁ ኦርም። ሆቴሎቹ ነጭና ክሬም፣ አንዳንዱም ፈዛዛ ሮዝ፣ ዳርቻውን ተከትለው ተደርድረዋል፤ አንዱም ከጎረቤቱ በላይ አንገቱን አላሰገገም። ይሄ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። መሬቱ የሞስቲን ቤተሰብ ነበር። በ1840ዎቹ መጨረሻ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) ከተማውን በፕላን ሲቆረቁሩት የመንገዱን ስፋትና የቤቶቹን ቁመት በደንብ ወስነው ነው ለገንቢ የሰጡት። ከዚያ በፊት ቦታው ላይ የነበሩት ዓሣ አጥማጆችና የመዳብ ቆፋሪዎች ናቸው። ባቡሩ በ1858 ሲገባ ከተማዋ ሞላች።

አሁን ወደ ግራ፣ ወደ ትልቁ ኦርም ሂጂ። ፒየሩን ታገኚዋለሽ፤ በ1877 የተከፈተ፣ ባሕር ውስጥ 700 ሜትር የሚዘልቅ የእንጨትና የብረት ድልድይ ነው። በዌልስ ከእሱ የሚረዝም የለም። ልትሄጂበት ትችያለሽ፤ እኔ ግን ለመመለሻ ነው የማስቀምጠው፤ ጠዋት ላይ ጉልበቱን ለተራራው። ፒየሩን አልፈሽ ትንሽ እንደሄድሽ የድንጋይ ቤት ያለው ኬላ ይመጣል። መኪና ይከፍላል፣ እግረኛ አይከፍልም። መንገዱ ማሪን ድራይቭ ይባላል፤ የተከፈተው በ1878 ነው፤ ገደሉን ፈልፍለው ነው ያወጡት። ቀድሞ በ1858 እዚሁ ላይ ጠባብ የእግር መንገድ ብቻ ነበር፤ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ግላድስተን ሲመጣ ገደሉ በጣም ስላስፈራው ዓይኑን ሸፍነው በእጁ እየመሩ አሳለፉት ይባላል። ዛሬ ግን አስፋልት ነው፤ በባሕሩ በኩልም የድንጋይ አጥር አለው።

ከኬላው በኋላ ድምፅ ይቀየራል። ከተማው ዝም ይላል። በግራሽ ገደሉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ በቀኝሽ ባሕሩ እታች ነው። ድንጋዩን ቀረብ ብለሽ ዳሰስ አድርጊው። ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው የኖራ ድንጋይ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ የዛጎል ቅርጽ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ይሄ ሁሉ ተራራ አንድ ጊዜ የባሕር ወለል ነበር። በጸደይ የገደሉ ጠርዝ በባሕር ወፎች ይሞላል፤ ጩኸታቸው ገበያ ውስጥ የገባሽ ያስመስልሻል። ከባሕሩ ላይ ርቀው የቆሙትን የነፋስ ተርባይኖችም ታያለሽ፤ ከ160 በላይ ናቸው፤ ጭጋግ ሲኖር ግን አንዱም አይታይም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። መኪኖቹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄዱት፤ እሱም አንቺ በምትሄጂበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ከኋላሽ ነው የሚመጡት። የጆሮ ማዳመጫሽን አውልቂ። አስፋልቱ ላይ «አራቭ» የሚል ጽሑፍ ታያለሽ፤ በዌልስ ቋንቋ ቀስ በል ማለት ነው። (ምልክቱ ሁሉ በሁለት ቋንቋ ነው፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት ዌልስኛ ይማራሉ። ልጅ በአማርኛ ለማሳደግ የሚታገል ሰው ይሄን ሲያይ ጉልበት ያገኛል፤ እኔ አግኝቻለሁ።)

መንገዱ ቀስ እያለ ይወጣል፣ አይታወቅሽም። ወደ ግራ የሚታጠፈው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ስለ እሱ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ። ቀጥለሽ የድሮው የመርከብ መብራት ቤት ይመጣል። በ1862 የተሠራ፣ ወፍራም ግንብ ያለው፣ ከሩቅ ምሽግ የሚመስል ቤት ነው፤ መብራቱ በ1985 ጠፋ፤ አሁን የእንግዳ ማረፊያ ነው። ከእሱ ብዙም ሳትርቂ ትንሽ ሻይ ቤት አለች። እዚያ ጋ መንገዱ ይታጠፋል፤ ነፋሱም ፊትሽን ይመታሻል። እስካሁን ተራራው ከልሎሽ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ነጠላዬን ከአንገቴ ሊወስደው ሲል በሁለት እጄ ነው የያዝኩት። ጃኬትሽን ከመታጠፊያው በፊት ዝጊው።

ከመታጠፊያው በኋላ ያለው ነው የመንገዱ ነፍስ። ሙሉ በሙሉ ሌላ አገር ነው የሚመስለው። ፊት ለፊትሽ የአንግልሲ ደሴት፣ በግራ በኩል ደግሞ እንግሊዞቹ ስኖዶኒያ የሚሏቸው የኤሪሪ ተራሮች አንዱ ከአንዱ ጀርባ ተደርድረዋል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በእነሱ በኩል ስለምትመጣ ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። እኔ እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ የሰሜን ተራሮች ትዝ ይሉኛል፤ ከፍታቸው አይገናኝም፣ አደራደራቸው ግን ያው ነው። ሰዎች መንገዱን በተቃራኒው ሲጀምሩ የማዝነው ለዚህ ነው፤ ምርጡን ከጀርባቸው ጥለው ይሄዳሉ።

ከዚያ ቁልቁል ነው። ምዕራቡ ባሕር ዳር ላይ ትወርጃለሽ፤ እዚህ ጠጠር የለም፣ አሸዋ ነው፤ ብዙ ሆቴልም ጫጫታም የለም። ጫማሽን አውልቂና ተቀመጪ። ለመመለስ ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው የሚያቋርጥ ሰፊ ቀጥ ያለ ጎዳና አለ፤ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ተራራው ብቻውን 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጣቢያ እስከ ጣቢያ ከ10 ትንሽ ያልፋል። እየቆምሽ፣ እያየሽ፣ ሻይ እየጠጣሽ አራት ሰዓት ስጪው።

ጥያቄ፦ «እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች፣ 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ይዣት ብሄድ ምን ታያለች? ወይስ እሷን ቤት ትቼ ልሂድ?» — ከበርሚንግሃም

መልስ፦ ኧረ በፍጹም ቤት እንዳትተዋት! እናትህ ከ2,300 ሜትር በላይ ካለ ከተማ ነው የመጡት፤ የኦርም ጫፍ ከባሕር በላይ 207 ሜትር ብቻ ነው። ትንፋሽ አያጥራቸውም፣ ችግሩ ጉልበታቸው ነው። ለጉልበት ደግሞ ትራም አለ። በ1902 ሥራ የጀመረ፣ በገመድ የሚጎተት፣ በመንደሩ መሀል አቀበቱን ጥርስ ነክሶ የሚወጣ ትራም ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ወርዳችሁ ሌላ ትራም ትቀይራላችሁ፤ መቀየሪያው ላይ ደጋፊ ሁን። የሚሠራው ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ነው፤ ክረምት ላይ አትልፋ። ኬብል ካርም አለ፤ ግን ክፍት ስለሆነና ነፋስ ሲበረታ ስለሚቆም ለእናት አልመክረውም።

እኔ እናቴን የወሰድኩበትን ልንገርህ። ላይ ድረስ በትራም ወጣን፤ ከዚያ ወደ ቅዱስ ቲድኖ ቤተ ክርስቲያን በታክሲ ወረድን። ላንዲድኖ የሚለው ስም ራሱ ከዚህ ነው፤ «ላን» ማለት የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፣ እኛ ደብር እንደምንለው። የቲድኖ ደብር እንደማለት። ቅዱሱ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ተራራው ላይ ይኖር የነበረ መናኝ ነው፤ ያለው ሕንፃ ግን የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በ1839 ማዕበል ጣሪያውን ወስዶት በ1855 ታደሰ። ትንሽ፣ ግራጫ ድንጋይ፣ ዙሪያውን መቃብር፣ ከመቃብሩ በታች ባሕር። ሌላ ምንም የለም።

እናቴ ከመኪናው ወርዳ ነጠላዋን አጣፋች። በሩ ጋ ደረሰችና «ማን ነው እዚህ ያለው?» አለችኝ። ቲድኖ የሚባል መናኝ ነው አልኳት። «ታዲያ ይኼ እኮ ገዳም ነው» ብላ ደጃፉን ሳመች። ከዚያ መቃብሮቹ መሀል ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ምንም ሳትናገር ባሕሩን ስታይ ቆየች። በበጋ እሑድ ጠዋት እዚያው ሜዳ ላይ፣ ከሕንፃው ውጭ፣ ጸሎት ያደርጋሉ። ሥርዓቱ የእኛ አይደለም፤ ግን ሜዳ ላይ ተቀምጦ በነፋስ መሀል መዝሙር መስማት ለእናት እንግዳ ነገር አይደለም።

ማሪን ድራይቭንም ቢሆን ኬላውን ከፍላችሁ በታክሲ መዞር ትችላላችሁ። ከዚያ እሳቸውን ምዕራቡ ባሕር ዳር ላይ አሳርፋቸው፤ እዚያ መሬቱ ለጥ ያለ ነው። ጋቢ ያዝላቸው።

ጥያቄ፦ «ሁለት ልጆች አሉኝ፣ 6 እና 9 ዓመት። ፍየሎቹን በቪዲዮ አይተው ካልሄድን አሉ። ገደል ስለሆነ ግን ፈራሁ። ፍየል እዚያ ምን ይሠራል?» — አባት፣ ከሊድስ

መልስ፦ ልጆችህ ያዩት ቪዲዮ የ2020 ይሆናል። የዚያን ዓመት ማርች ሰው ሁሉ ቤቱ ሲዘጋ ፍየሎቹ ከተራራው ወርደው መሀል ከተማ ገቡ፤ የሰው አጥር በሉ፣ መንገዱ መሀል ተኙ፤ ዓለም በሙሉ አያቸው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊትም በኋላም መውረድ ያውቁበታል።

ዝርያቸው የካሽሚር ነው። ነጭ፣ ጸጉራቸው ረጅም፣ ቀንዳቸው ወደ ኋላ የተጠማዘዘ። ወንዱ ገደል ጫፍ ላይ ሲቆም ዋልያ ነው የሚመስለው፤ ነጭ ዋልያ። የመጡት ከንግሥት ቪክቶሪያ የዊንዘር መንጋ ነው፤ ለሞስቲን ቤተሰብ ከተሰጡ በኋላ ተራራው ላይ ተለቀቁና እዚያው ዱር ሆኑ። የዌልስ ክፍለ ጦር ምልክት አድርጎ በሰልፍ የሚወስደውን ፍየል ከእነዚህ መሀል የሚመርጥበት ጊዜ አለ። ዊንዘር ሲባል ደግሞ እኛ ሌላ ነገር ነው የሚታወሰን። አንተ ከሊድስ ነው የጻፍከው፤ ልዑል ዓለማየሁ በ1879 ያረፈው እዚያው ሊድስ ነው፤ የተቀበረው ዊንዘር ነው። ለ9 ዓመቱ ልጅ ባቡር ላይ ይሄን ንገረው። ለትንሹ ፍየሉ ይበቃዋል።

ፍየሎቹን ለማየት ቀና እያላችሁ ሂዱ እንጂ መንገድ ላይ አትጠብቋቸው። ገደሉ መሀል፣ ሰው ሊቆምበት የማይችል ስንጥቅ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ነገር ካያችሁ እሱ ነው። አንድ ጊዜ ከላዬ ጠጠር ኮለል ብሎ ሲወርድ ቀና ብል፣ እናትየዋና ግልገሏ ከራሴ በላይ አሥር ሜትር ላይ ቅጠል እየበሉ ነው። ግልገሏ ቁልቁል አየችኝ፤ ጉንጯ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ከዚያ ቦታ ቶሎ እልፍ በሉ፤ ድንጋይ ሊወርድ ይችላል። አትመግቧቸው፣ አታባርሯቸውም።

ስለ ገደሉ፦ አስፋልቱ ላይ እስካላችሁና ልጆቹ አጥሩ ላይ እስካልወጡ ድረስ አያሰጋም። ትንሹን በተራራው በኩል እጁን ይዘህ ሂድ። ዙሪያው በሙሉ ለ6 ዓመት ልጅ ብዙ ነው፤ ሻይ ቤቷ ድረስ ሄዳችሁ ብትመለሱም ምንም አይጎድልባችሁም። ምዕራቡ ባሕር ዳር ላይ ግን ዓይንህን አትንቀል። ውኃው ሲሸሽ በጣም ርቆ ይሸሻል፣ አሸዋው ሜዳ ይሆናል፣ ልጅ ወደ ውስጥ መሮጥ ያምረዋል፤ ሲመለስ ደግሞ ፈጥኖ ከጎን ዞሮ ነው የሚመጣው። የዕለቱን የውኃ ሰዓት በስልክህ አይተህ ሂድ።

ጥያቄ፦ «ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር በፍልሰታ ልንሄድ አስበናል። የሚበላ እናገኛለን? ቺፕስ ጾም ነው አይደል?» — ከለንደን

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። ጥሩ አድርገሽ ጠየቅሽ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በሰሜን እንግሊዝና በአካባቢው ብዙ ቺፕስ ቤቶች የሚጠብሱት በዘይት ሳይሆን በበሬ ሞራ ነው፤ «ቢፍ ድሪፒንግ» ይሉታል። ጣዕሙን የሚወዱት ለዚያ ነው። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት «በምንድን ነው የምትጠብሱት?» ብላችሁ ጠይቁ። የአትክልት ዘይት ካሉ ደግሞ ዓሣው እዚያው ዘይት ውስጥ እንደተጠበሰ አስቡ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባቶቻችሁ ልተወው።

የኔ ምክር ስንቅ ያዙ ነው። ለዚህ መንገድ ከበሶ የሚሻል ነገር የለም። ዱቄቱን በጠርሙስ፣ ውኃውን ለብቻ ያዙ፤ ሻይ ቤቷ ጋ ስትደርሱ ቀላቅላችሁ መምታት ነው። ቆሎ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። ድፎ ዳቦ ከያዛችሁ በጣም ተጠንቀቁ፤ ባሕር ዳር ያሉት ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ሌቦች ናቸው። ፒየሩ አጠገብ ቆሜ ዳቦዬን ወደ አፌ ሳነሳ አንዱ ከኋላ በትከሻዬ ላይ መጣ፤ ክንፉ ጆሮዬን መታኝ፤ ዳቦው የለም። እጄ ላይ የቀረው ፍርፋሪ ነው። ከግድግዳ ጋር ተጠግታችሁ፣ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ብሉ።

የምታስቀድሱ ከሆነ ሰዓቱን አስቀድማችሁ አስቡበት፤ ከለንደን ላንዲድኖ ጃንክሽን ድረስ በባቡር ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። አዳር ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ «የታሪክ መምህር ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ሆቴል ብዙም አይስበኝም። ከዚያ የቆየ ነገር አለ ወይ?» — ከብሪስቶል

መልስ፦ አለ እንጂ ጋሼ! እንዲያውም ከእግርዎ በታች ነው ያለው። በ1987 ተራራው ላይ ለመኪና ማቆሚያ ቦታ ሲያስተካክሉ የመዳብ ማዕድን ጉድጓድ ተገኘ፤ ከ3,500 ዓመት በላይ የሆነው፣ ከነሐስ ዘመን የቀረ። አክሱም ከመንገሧ ከ1,500 ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። በ1991 ለጎብኚ ተከፈተ። ትራሙ ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆምበት ጣቢያ ለእሱ ቅርብ ነው።

ብረት የለም፤ የቆፈሩት በድንጋይ መዶሻና በከብት አጥንት ነው። 2,500 ያህል የድንጋይ መዶሻና ከ30,000 በላይ አጥንት ተገኝቷል። አጥንቶቹን ያዩዋቸው፤ ለሺህ ዓመታት ከመዳቡ ጋር ተቀብረው አረንጓዴ ሆነዋል። አንዳንዱ ዋሻ ከመጥበቡ የተነሳ ሊገባበት የሚችለው ልጅ ብቻ ነው፤ ምናልባት የአምስት ወይም የስድስት ዓመት ልጅ። እኔ እዚያች ቀዳዳ ፊት ቆሜ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ከተትኩ፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ያን ልጅ ማን ላከው፣ በምን መብራት ገባ እያልኩ ከዚያ ለመሄድ ከበደኝ። ከዚህ የወጣ መዳብ እስከ ባልቲክ አካባቢ ድረስ በተገኙ ዕቃዎች ውስጥ ታውቋል።

የንጉሥ ነገር ከፈለጉም አንድ ልጨምርልዎ። የሩማንያ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1890 እዚህ አምስት ሳምንት ያህል ቆይታ ስትሄድ ቦታውን ውብ የሰላም ወደብ ብላ ጠራችው፤ ከተማዋ ያንን በዌልስኛ ተርጉማ መፈክሯ አደረገችው።

ጥያቄ፦ «ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው የባሕር ዳር ከተማ ያርፉ ነበር ይባላል፤ ላንዲድኖ ነው?»

መልስ፦ ለእሳቸው የሚነሳው ከተማ በደቡብ ጠረፍ ያለው ወርዲንግ ነው። በ1936 እንግሊዝ ከደረሱ በኋላ እዚያ ባሕሩ ፊት ለፊት በነበረው ዋርንስ ሆቴል አርፈዋል። ሆቴሉ ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ መኖሪያ ቤት ተሠርቷል፤ የመታሰቢያ ሰሌዳ ግን አለ። ከዚያ በኋላ እስከ 1940 የኖሩት ባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ ሃውስ ነው። ወርዲንግ ላይም ባሕር ዳሩን ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ግን ሜዳ ነው፣ ተራራ የለውም።

ጥያቄ፦ «መቼ ልሂድ? ምን ልልበስ? አጭሩን ንገረኝ።» — ከካርዲፍ

መልስ፦ ሜይና ጁን። ወፎቹ ገደሉ ላይ ናቸው፣ አበባው ወጥቷል፣ ግልገሎቹም ትንንሽ ናቸው፣ ቀኑም ረጅም ነው። ኦገስት ሰው ይበዛል፣ መኪናውም እንዲሁ። ክረምት ላይ ጥርት ያለ ቀን ካገኘህ ደግሞ መንገዱ የአንተ ብቻ ነው፤ ግን ኃይለኛ ነፋስ ሲኖር ወይም ድንጋይ ሲወርድ ይዘጉታል፣ ስለዚህ ከመነሳትህ በፊት የአካባቢው ምክር ቤት (ኮንዊ) ድረ ገጽ ላይ እይ።

ጃንጥላ አትያዝ፣ ይገለበጣል። ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ኮፍያ ያለው፣ ለመድክበት የስፖርት ጫማ፣ አንድ ትርፍ ካልሲ። ካልሲውን የምትቀይረው ምዕራቡ ባሕር ዳር ላይ ነው፤ እግርህን ውኃ ውስጥ ሳትነክር እንደማትመለስ አውቃለሁ። ከዚያ እስከ ጣቢያው ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ስለሆነ የባቡርህን ሰዓት ከወዲሁ እይ።